የጋሽ ቬንዴል ንጹሕ ቦይ

(በባላቶን ሐይቅ አጠገብ ባለች የሃንጋሪ መንደር፣ ቅዳሜ ረፋድ። ጡረተኛው ቬንዴል አጥሩን ተደግፏል። ጎረቤቱ ቦሪ በአንድ እጇ የሕፃን ልጇን ጋሪ እየወዘወዘች፣ በሌላው ከትንሿ ኩሬዋ ዳር ካለው ቄጠማ የደረቀውን ትለቅማለች።)

ቬንዴል፦ አረም ነው አልኩሽ።

ቦሪ፦ ቄጠማ ነው ጋሼ። አገዳውን በጣትዎ ቢያሹት ሦስት ጠርዝ አለው። የሣር ግን ክብ ነው።

ቬንዴል፦ አረም በጠርዝ ብዛት ይሾማል እንዴ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የንጹሕ ግቢ ሽልማት ሰሌዳ ቤቴ በር ላይ ሳይሰቀል የቀረው በማን ነው? በጎረቤቴ ጫካ። ዛሬ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ የሽልማት ኮሚቴው ይመጣል።

ቦሪ፦ ምኑ ነው ጫካ? በረዶው ሲቀልጥ እከረክመዋለሁ፣ ዳሩንም በድንጋይ ከልዬዋለሁ።

ቬንዴል፦ እንቁራሪቱስ?

ቦሪ፦ ቀንድ አውጣውን እሱ ነው የሚጨርስልኝ። የእርስዎ ሰላጣ እንዴት ከረመ?

(ቬንዴል ተበልቶ ወንፊት የመሰለውን ሰላጣ በጀርባው ይጋርዳል።)

ቬንዴል፦ ሰላጣው ይቆየን። ልብሽ ደግ ነው ልጄ፤ ጭንቅላትሽ ግን ትንሽ ይዘገያል። አረም ጠዋት ብታጭጂው ማታ በቅሎ ይጠብቅሻል። ለዚህ ነው ዛሬ በማለዳ ማጭዴን ስዬ የወጣሁት።

ቦሪ፦ (ኩሬዋን ገልመጥ አድርጋ) የእኔ እኮ አልተነካም።

ቬንዴል፦ ሰው ግቢ የምገባ ባለጌ ነኝ? ያንቺው ጉድ አጥር ተሻግሮ ደጄ ያለው ቦይ ውስጥ ወልዶ ነበር። በዚህ መንደር ሰው የሚለካው በደጁ ቦይ ነው። ረድፍ በረድፍ ተኮልኩሎ አገኘሁት፤ መላጣ አደረግሁት።

ቦሪ፦ (የያዘችው ደረቅ ቅጠል ከእጇ ይወድቃል) አረም በረድፍ ይበቅላል እንዴ ጋሼ?

ቬንዴል፦ ... ጨዋ አረም ይሆናል።

ቦሪ፦ ባለቤትዎ እትዬ ኤቴልካ ናቸው የተከሉት። በፀደይ ከእኔ ወስደው፣ “ለቬንዴል እንዳትነግሪው፣ ሰሌዳው ሲመጣ ይደነቅ” ብለው አስምለውኛል። ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት እርስዎ ገበያ ሳሉ አይቶ ጨርሷል። ዛሬ የሚመጡት ቄጠማውን ፎቶ አንስተው ሰሌዳውን በእርስዎ በር ላይ ሊሰቅሉ ነው።

(ከቬንዴል ቤት ሚስቱ ኤቴልካ የፎቶ ቀሚሷን እየተኮሰች ስታንጎራጉር ይሰማል።)

ቬንዴል፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ቦሪዬ... ይሄ ቄጠማ ለመብቀል ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?

ቦሪ፦ (ጋሪውን እየገፋች) አረም አይደል? ማታ በቅሎ ይጠብቅዎታል። እስከዚያ ኮሚቴውን አረቄ እየቀዱ ያቆዩልን።