ሽታሁን ያላሳመረው ድምፅ

ጤነኛ ነገር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ቀጥ ብሎ የቆመውን አጥር ላቃናው ብሎ ያዘምመዋል። የሰው ወጥ ክዳኑን ከፍቶ ጨው ይጨምርበታል። ሌላው የጀመረውን ወሬ ከመሀል ነጥቆ እሱ ደስ ባለው መንገድ ይጨርሰዋል። ክፋት የለበትም። እግዜር ሥራውን ሳይጨርስ የተወው ስለሚመስለው ብቻ ነው።

ለብቸና የደረሳት ዲጄ ሽታሁን ነው።

ክቡር ዲጄ ሽታሁን፣ የብቸናና የሞጣ ሰርግ፣ ስብሰባና ሙት ዓመት ባለሙሉ ሥልጣን የድምፅ አዛዥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ሁለት ሞንታርቦ፣ አንድ ሚክሰር፣ ሁለት ላፕቶፕና አንድ ጋሪ የሚሞላ ገመድ አለው። ከአፉ የማትጠፋ ቃልም አለችው፤ «ትንሽ እናሳምረው?» ጥያቄ ትመስላለች እንጂ ጥያቄ አይደለችም። አንተ መልስ ስታስብ የሱ እጅ ቁልፉ ላይ ደርሷል።

መምህር ገብረ ሕይወት ይህችን ቃል አምርሮ ይጠላታል። ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው፤ ተራራውን ተራራ፣ ሜዳውን ሜዳ እያለ። ሽታሁንንም ዘጠነኛ ክፍል አስተምሮታል። ያኔ የዓባይን ካርታ ሣል ቢለው ዳር ዳሩን በአበባ አስጊጦ፣ ጣና ላይ ሁለት ዓሣ ጨምሮ አምጥቶለት ነበር። ዓሦቹ መነጽር አድርገዋል።

ልጁ አድጎም አልተወውም። አንድ የገበያ ቀን አቶ ደምለው በቅሎ ጠፋችባቸውና በሞንታርቦ አስነግርልኝ አሉት። ሽታሁን ኤኮ ለቀቀበት። «በቅሎ ጠፍታለች... ጠፍታለች... ጠፍታለች...» ገበያው እስኪበተን ድረስ ሰው አቶ ደምለውን የሚያጽናናው ስንት በቅሎ እንደጠፋባቸው እየጠየቀ ነበር። በቅሎዋ የተገኘችው ከሞንታርቦው ሸሽታ የሰው ገብስ ውስጥ ገብታ ነው ይላሉ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የክትባት ዘመቻ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን እንዲያመጡ ጥሪውን በማይክ የምታሰማው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ንጋት፣ የመምህር ገብረ ሕይወት ባለቤት ናት። ሽታሁን የሷን ቀጭን ድምፅ አወፍሮ፣ አወፍሮ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚያገሳ አውሬ አደረገው። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ አልጋ ሥር ገባ። ንጋት ማይኩን አስቀምጣ ወደሱ ሄደች።

«አንተ ሸጋው፣ ድምፄን የት ወሰድከው?»

«ትንሽ አሳመርኩት፣ እትዬ።»

«ምኑን አሳመርከው! እኔ ራሴ ፈራሁት እኮ!»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ተሻግራ ነበር ሰላም የምትለው። ባሏ «ይህን ልጅ አታበረታቺው» ሲላት፣ «ተወው እንጂ ገብሬ፤ የሚያበላሸው ወድዶ ነው» ትለው ነበር።

ሲስተር ንጋት ባለፈው ሚያዝያ በልብ ሕመም ሞተች።

ዘንድሮ የሽታሁን ሞንታርቦ ከሰርግ ቤት ይልቅ ሐዘን ቤት ይውላል። እሱም እንደ ልማዱ ለሐዘን የሚሆን ኢፌክት አሰናድቷል፤ ለወጣት አጠር ያለ፣ ለሽማግሌ ረዘም ያለ፣ ለቄስ ደግሞ ጓሮ ዞሮ የሚመለስ። የንጋት አርባ ዕለት ማንም ሳይጠራው ዕቃውን በጋሪ አስጭኖ መጣ። የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ ስሟ በድንኳኑ ውስጥ «ንጋት... ጋት... ጋት...» እያለ ተንከባለለ። ገብረ ሕይወት ከተቀመጠበት ተነሳ፤ ለቀስተኛው ሁሉ እያየው ሄዶ ሶኬቱን ነቀለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽታሁን በር ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ድሮም ቢሆን አያየውም ነበር፤ አሁን ግን ምክንያት አገኘ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ነገር ያስጨንቀው ጀመር። የንጋት ድምፅ እየጠፋበት ነው። ያለችው ሁሉ ትዝ ይለዋል፤ «ጫማህን አውልቅ»፣ «ጨው አነሰው?»፣ «በሩን ገፋ አድርገው»፤ ቃሉ አንድም አልጎደለም። የሚናገረው ግን የራሱ ድምፅ ሆነ። ዓይኑን ጨፍኖ ቢጠብቅ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ቢሞክር፣ ያው ነው። የሱ ስልክ ከመደወል ሌላ ሥራ የለውም። የሷም ቢሆን ድምፅ አልያዘም።

አንድ ቦታ ብቻ ቀረው። የንጋት የእህት ልጅ ወይንእሸት ባለፈው ጥር ሞጣ ላይ ስታገባ ንጋት ማይክ ይዛ መርቃለች። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ ገባ። ወይንእሸት የሰርጉን ቪዲዮ ከፈተችለት። ንጋት ነጭ ለብሳ ቆማለች። አፏ ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው ግን አንዱ ቃል በሌላው ላይ እየወጣ፣ የዓባይ በረሃ ገደል ላይ እንደሚጮህ ሰው ነው። ከሥሩ ደግሞ ከበሮ አለ።

«ያ ልጅ ነው» አለ ገብረ ሕይወት።

«እሱው ነው፣ አጎቴ። ዋናው ቅጂ እሱ ጋ ይኖር ይሆናል። ቢጠይቁትስ?»

«ሳልሰድበው እንዴት አድርጌ ልጠይቀው?»

«ሰድበውትም ቢሆን ይጠይቁት።»

ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ ሽታሁን ክፍል አመራ። ሽታሁን አዲስ ሚክሰር አምጥቶ ከላፕቶፑ ጋር እያስተዋወቀው ነበር። መምህሩን በር ላይ ሲያይ ብድግ አለ፤ ገመድ ጠለፈውና መልሶ ተቀመጠ።

«ጋሼ! ይግቡ፣ ይግቡ። ቆይ ወንበሩን ልጥረግልዎት።»

«ተወው፤ ንጹሕ ነው።»

ተቀመጠ። ዝም አለ። ሽታሁን ዝምታም ጤነኛ ነገር ስለሆነ ሊተወው አልቻለም፤ ማውራት ጀመረ።

«ይሄውልዎት ጋሼ፣ ሚክሰሩ የራሱ ኢፌክት አለው፤ ግን ድሃ ነው። ሀብታሙ ሶፍትዌሩ ነው። ስለዚህ እዚህ ገብቼ፣ የራስህን ተውና የላፕቶፑን ተጠቀም እለዋለሁ። ሦስት ቦታ ይከፍትልኛል። አንዱ ላይ ኤኮ አስቀምጣለሁ። አንዱ ላይ ሪቨርብ፤ እሱ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆሙ ያስመስልዎታል። ሦስተኛው ድምፅ ማቅጠኛና ማወፈሪያ ነው። ከዚያ ይህ ቁልፍ ለዘፈን፣ ይህ ለማይክ ብዬ ለየራሳቸው እነግራቸዋለሁ። ካልነገሯቸው ቢያዞሯቸው፣ ቢያዞሯቸው፣ ዝም ነው!»

«ከዚያስ?»

ሽታሁን መምህሩን በተራው ማስተማሩ ደስ አለው። «ከዚያማ ድምፁ በዚህ ገመድ ላፕቶፑ ውስጥ ይገባል፣ ለብሶ አጊጦ ይመለሳል፣ በሞንታርቦው ይወጣል።»

«ሳይለብስ የገባውስ? የት ይቀራል?»

«እሱን ደሞ ማን ይፈልገዋል፣ ጋሼ?»

«እኔ።»

ሽታሁን እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

«የንጋትን» አለ ገብረ ሕይወት። «የሞጣውን ሰርግ።»

«የለም።»

ሽታሁን ሲዋሽ ያሳምራል። የሚዋሸው ነገር ዘመድ አለው፣ ቀን አለው፣ አንዳንዴም ዝናብ ይዘንብበታል። ይህችን ግን ባዶዋን ጣላት። ገብረ ሕይወት ዘመኑን ሁሉ የቤት ሥራ ያልሠሩ ልጆች ሲያይ የኖረ ሰው ነው።

«ሽታሁን።»

«አቤት።»

«አስተምሬሃለሁ እኮ።»

ሽታሁን አንገቱን ደፋ። «ያን ቀን ተሳስቼ ነበር፣ ጋሼ። ላፕቶፑ ከሚክሰሩ መውጫ እንዲቀዳ ማድረግ ነበረብኝ፤ ከማይኩ መግቢያ እንዲቀዳ አዘዝኩት። ኢፌክት ሳይነካው። ዘፈን የለ፣ እልልታ የለ፣ ማይኩ ብቻ ራቁቱን፣ ቀኑን ሙሉ። ለሰርገኞቹ ላፕቶፑ ተበላሸ ብዬ ዋሸኋቸው። እነሱ ያላቸው ካሜራው ከሞንታርቦው የያዘው ነው።»

«ታዲያ አለ ማለት ነው።»

«አለ። ግን ቢቀርብዎት ይሻላል።»

«ለምን?»

«በቃ ቢቀር ነው የሚሻለው። አፍሬበት አይደለም።»

ገብረ ሕይወት ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ለወይንእሸትም፣ ለነፍስ አባቱም ያልነገረውን ለዚህ ሰው ነገረው። «ድምፅዋ እየጠፋብኝ ነው።»

ሽታሁን መደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ መስታወቱ የተሰነጠቀውን አሮጌውን ላፕቶፕ አወጣ። የጆሮ ማዳመጫውን በገዛ እጁ አደረገለትና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

መጀመሪያ የጨርቅ ኮሽታ ተሰማ። ከበሮው ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንዳለ ሆኖ ይመታል። ከዚያ ጆሮው ሥር፣ ልክ ጎኑ እንደተቀመጠች፤

«ሽታሁን፣ ማይኩ ተዘግቷል አይደል?»

«ተዘግቷል፣ እትዬ።»

ለዳሱ ተዘግቷል። ለላፕቶፑ ግን አልተዘጋም ነበር።

ገብረ ሕይወት የወንበሩን ጠርዝ ያዘ። እሷ ናት። «አይደል» ስትል መጨረሻውን ከፍ የምታደርገው ነገር አለ፤ እሱን ነበር ሲፈልግ የሰነበተው።

«እንደተለማመድነው ነው እንግዲህ» አለች። «ትንፋሼ ሲቆረጥ ቶሎ ድረስልኝ።»

«አይዞዎት። እርስዎ ዝም ሲሉ ኤኮው ይናገርልዎታል።»

«ገብሬ ያውና፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል። ጆሮው ክፉ ነው። ከሰማ ዛሬውኑ አንጠልጥሎ ሐኪም ቤት ነው የሚወስደኝ። ልጅቱን ሳልመርቅ አልሄድም።»

ከዚያ ማይኩ ተከፈተ፤ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ልጆቼ... ቤታችሁ ይሙቅ...» ትንፋሽ። «ደጃችሁ እንግዳ... አይጣ...» ትንፋሽ፤ እንደ ወንፊት የሚያፏጭ። «ስትጣሉም... ጦማችሁን... አትደሩ...» ረጅም ዝምታ። አንድ ነገር፣ ምናልባት ጠረጴዛ፣ ስትደገፍ ተሰማ። «እኔና ጋሼ ገብሬ... አንድም ቀን... ጦማችንን አድረን አናውቅም።»

ዳሱ ውስጥ እነዚያን ዝምታዎች ሁሉ ኤኮው ሞልቷቸው ነበር። እሱ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጦ ዲጄውን ሲረግም ነበር።

ማዳመጫውን አወለቀ።

«ሕመሟን ለእኔ የነገረችኝ የካቲት መጨረሻ ነው» አለ። «ሰሞኑን የጀመረኝ ነው ብላ። አንተ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከኅዳር።»

«ኅዳር!»

«ለማንም እንዳትናገር አሉኝ። በማርያም አስማሉኝ። አራት ጊዜ እየመጡ ምርቃቱን ተለማመዱ። የት የት ላይ እንደሚቆረጥባቸው በወረቀት ጽፌ ያዝኩ። በዚያ ልክ ነው ኤኮውን ያስተካከልኩት።» ሽታሁን ፊቱን ከግድግዳው መለሰ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ያን ጊዜ ብነግርዎት ኖሮ እትዬ ይድኑ ነበር፣ ጋሼ?»

ገብረ ሕይወት ብዙ መልስ መጣለት። አንዳንዱ ልጁን የሚያሳርፍ፣ አንዳንዱ የሚገድል ነበር።

«አላውቅም» አለው። እውነቱም ይኸው ነበር።

አንድ ሰው በሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ዲጄ፣ ለነገ ስብሰባ ማይክ ነበር» አለ። ከሥራ ዞር ብሎ የማያውቀው ሽታሁን፣ «ዛሬ ዝግ ነው፣ ወንድሜ» አለው። ሰውየው የተከፈተውን በርና የበራውን መብራት አይቶ፣ ከዚያ የመምህሩን ፊት አየና ሄደ።

ሽታሁን እጁን ወደ ላፕቶፑ ሰደደ። «የፊተኛውን ንግግር ቆርጬ ምርቃቱን ብቻ ልስጥዎት? ትንፋሹንም ቢሆን ቀነስ ማድረግ...»

«እንዳትነካው።»

«አልነካውም።»

አልነካውም። ፋይሉ ወደ አንድ ፍላሽ እስኪያልፍ ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ደብቆ ተቀመጠ፤ ለሱ ከባድ ሥራ ነበር። ጨርሶ ሲሰጠው ገብረ ሕይወት ፍላሹን ደረት ኪሱ ከተተ። ግን አልተነሳም።

«ስትለማመድ የት ነበር የምትቀመጠው?»

«እዚያው እርስዎ ያሉበት። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንዳያዩዋቸው ብለው።»

በዚያ ኅዳር ገብረ ሕይወት በዚህ በር በየቀኑ ቀትርና ማታ ያልፍ ነበር። ዞር ቢል ኖሮ ነጠላዋን ያውቀው ነበር።

አሁን ገባው። እሱ የማያውቃቸው አራት የንጋት ቀኖች በዚህች ክፍል ውስጥ አሉ፤ የሚያውቃቸውም ይህ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥግ ያለውን በርጩማ በእግሩ ሳብ አድርጎ ወደ ሽታሁን ገፋለት።

«ና ወደዚህ ቅረብ፣ ልጄ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምርልኝ። ገና በሩ ላይ ስትደርስ ምን አለችህ?»