ጋሽ አዝመራው ሲጋልቡ

[እንጅባራ፣ አንዲት ጠባብ ቪዲዮ ቤት። ያልተጠየቀውን ሁሉ የሚያውቀው ፀጋው ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፍቷል። ካሜራ የሚይዝለት ይሄነው አጠገቡ ቆሎ ይቆረጥማል። ፀጋው የጋሽ አዝመራውን ልጅ እመቤትን ወዷል፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አባቷ ጥር ላይ በፈረሰኞች በዓል ሲጋልቡ የተቀረጸውን ቪዲዮ አሳምሮ ልባቸውን ሊያለሰልስ ቆርጧል። ዛሬ ሊያዩት ይመጣሉ።]

ፀጋው፦ ይኼ ቀረጻ ነው ወይስ ወባ? ከላይ እስከ ታች ይንቀጠቀጣል!

ይሄነው፦ እርሳቸው በፈረስ፣ እኔ በእግሬ! ካሜራ ይዤ ከፈረስ እኩል ስሮጥ ሳልወድቅ መትረፌን አመስግን እንጂ።

ፀጋው፦ በል ተወው። ዕድሜ ለሶፍትዌር! መጀመሪያ መንቀጥቀጡን ያጠፋዋል፤ ቆረጣው፣ ሙዚቃው፣ ምናምኑ ከዚያ በኋላ ነው።

ይሄነው፦ ጥር ላይ የተንቀጠቀጠ እጄ፣ እኔ እዚህ ቆሎ ስበላ ይረጋል?

ፀጋው፦ እጅህ አይደለም፣ ምስሉ ነው! እጅህ ወደ ላይ ካለ ምስሉን ወደ ታች ይስበዋል፤ ወደ ግራ ካለ ወደ ቀኝ።

ይሄነው፦ ፈረሱም ይዘላል፣ እጄም ይዘላል። የትኛው የማን ዝላይ እንደሆነ በምን ያውቃል?

ፀጋው፦ ኮምፒዩተር ነው እኮ! ካንተ ጭንቅላት ጋር አታወዳድረው።

ይሄነው፦ እንዲያው ለነገሩ ነው። ፈረሱ እኮ ስክሪኑን ሞልቶታል…

ፀጋው፦ ቆሎህን ብላ!

[ማረጋጊያውን ተጫነ። ኮምፒዩተሩ እንደ ወፍጮ አጓራ። መብራት እንዳይጠፋ ፀጋው ለሚካኤል ተሳለ። ስለቱ ሰመረና ቪዲዮው ተከፈተ።]

ይሄነው፦ አንተ! ፈረሱ ቆመ!

ፀጋው፦ ምን… ጋሽ አዝመራው ፎቶ ሆነው ቀሩ!

ይሄነው፦ ሕዝቡ ግን እየጋለበ ነው። ያ ባጃጅ ሲዘል እየው! ባሕር ዛፉ ሁሉ እስክስታ ወረደ!

ፀጋው፦ ጉዴ ፈላ! ሶፍትዌሩ የፈረሱን ዝላይ የእጅህ መስሎት፣ ፈረሱን ይዞ አገሩን ለቀቀው!

ይሄነው፦ እኔስ ወድጄዋለሁ።

ፀጋው፦ አንተ ከወደድከውማ አለቀልኝ! [በሩ ተንኳኳ] መጡ! ይሄነው፣ በእናትህ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት በል።

ይሄነው፦ እኔ? ኮምፒዩተሩን ማጥፋት እንኳ የማልችለው?

ፀጋው፦ አንተ ብታበላሽ ማን ይገረማል? እኔ ግን ሽማግሌ የምልክ ሰው ነኝ!

[ጋሽ አዝመራው ጋቢያቸውን ሰብስበው ገቡ።]

ጋሽ አዝመራው፦ እስቲ አሳየኝ ልጄ።

ፀጋው፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ እጄን አላስገባሁም። ከጥንት እስከ ፍጻሜው የይሄነው ሥራ ነው።

ይሄነው፦ አዎ ጋሼ፣ እኔው ነኝ።

[ጋሽ አዝመራው ፊታቸውን ቋጥረው አዩት። ፀጋው ግድግዳው ውስጥ ቢገባ ወደደ። ድንገት ጋሽ አዝመራው በትራቸውን ከወለሉ ጋር አጋጩት።]

ጋሽ አዝመራው፦ እሰይ! ድሮም እል ነበር፣ የሚያምነኝ አጣሁ እንጂ! እኔ ኮርቻ ላይ ንቅንቅ አልልም፤ የሚንቀጠቀጠው ምድሩ ነው! እዩት ባሕር ዛፉ ሲርድ!

ፀጋው፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ጋሼ፣ በእርግጥ ማረጋጊያውን የተጫንኩት…

ጋሽ አዝመራው፦ እጄን አላስገባሁም አላልክም? የሰው ሥራ አትቀማ! [ወደ ይሄነው ዞረው] ልጄ፣ አግብተሃል?

ይሄነው፦ ኧረ ገና ነኝ ጋሼ።

ጋሽ አዝመራው፦ እኔም ቤት እመቤት አለች። ሽማግሌ የምትልከው ሰው ግን አለህ?

ይሄነው፦ [የተረፈውን ቆሎ ለፀጋው እያቀበለ] ምን ሰው አጣለሁ ጋሼ፤ ይኸው ፀጋው!