ስሙን እስክጨርስ አትምታ

[አጋሮ፣ የከተማው አዳራሽ፤ ንጉሡ ከወረዱ ጥቂት ዓመት ሆኗል። መጋረጃው አልተገለጠም። ሁሉን አውቃለሁ ባዩ አስተዋዋቂ ወልደሰማያት ከድራመሩ ከቱሉ ጋር በክርክር ተያይዟል። ቱሉ ድራሙን ይዳብሳል። ምስኪን ድራም፣ የባንዱ ስም በተቀየረ ቁጥር ቀለም እየጠጣ ድምፁ በር ሲንኳኳ መስሏል።]

ወልደሰማያት፦ ይሄ ምት ምን ይባላል? ሰው እግሩን ሲያሳርፍ ዝም፣ ሲያነሳ ድም!

ቱሉ፦ ስካ ነው ጋሼ።

ወልደሰማያት፦ ስካር መሆኑንማ አይቻለሁ!

ቱሉ፦ ስካ! ከሸክላ የለቀምኩት፣ የጃማይካ ነው።

ወልደሰማያት፦ የጅማ ነው እያልክ አገሬን አታሰድብ! ደግሞ ጋሼ ቀርቷል፣ ጓድ በለኝ።

ቱሉ፦ ቶሌ፣ እሺ ጓድ ጋሼ።

ወልደሰማያት፦ [ራሱን ይዞ] እሱስ ይሁን። የባንዱን ስም ስጠራ አፌ ላይ የምትመታው ለምንድን ነው? ሊሙ ስንጫወት «እነሆ» ከማለቴ ድም! ሰቃ ከተማም ድም! ሁልጊዜ ደግሜ እጠራለሁ።

ቱሉ፦ በሁለተኛው ያምርልዎታል።

ወልደሰማያት፦ አትቀልድ! «የዘውድ ኮከብ» ስንባል ጨዋ ነበርክ። «ቀይ ጎህ» ከተባልን ወዲህ ነው የተበላሸኸው።

ቱሉ፦ እጄ ነው፣ አያርፍም።

ወልደሰማያት፦ ዛሬ «የገበሬው ንቃት» ነን፣ ካድሬው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ስሙን ሳልጨርስ ከመታህ ነገ ድራሙ የተለማማጁ የኑሪ ነው፤ አንተ ቡና ትለቅማለህ።

ቱሉ፦ [ድራሙን አቅፎ] ድራሜን ለኑሪ? ...ምንም ቢሉ አልመታም?

ወልደሰማያት፦ ምንም ብል! ስም አጠራር ልታስተምረኝ ነው?

ቱሉ፦ ቶሌ። [እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።]

[መጋረጃው ይገለጣል።]

ወልደሰማያት፦ [ደረቱን ነፍቶ] የተከበራችሁ የአጋሮ ጓዶች! እነሆ፣ በናፍቆት የምትጠብቁት፣ የዘው...

[ቱሉ እጁን እንዳጣጠፈ ነው። ካድሬው ቀና ይላል። ወልደሰማያት አፉን እንደከፈተ ቀርቷል።]

ወልደሰማያት፦ [በሹክሹክታ] ቱሉ!

ቱሉ፦ አቤት ጓድ ጋሼ።

ወልደሰማያት፦ ምታ!

ቱሉ፦ ይጨርሱ እንጂ።

ወልደሰማያት፦ ምታ በናትህ!

ቱሉ፦ ኑሪስ?

ወልደሰማያት፦ ኑሪ ገደል ይግባ! ድራሙ ያንተ ነው!

ቱሉ፦ ስካር ነው ስካ?

ወልደሰማያት፦ ስካ! ስካ ነው! የጃማይካ!

[ድም! አዳራሹ ይናጋል።]

ወልደሰማያት፦ [ላቡን እየጠረገ] ...የገበሬው ንቃት!

ቱሉ፦ [ለራሱ] አላልኩም? በሁለተኛው ያምርላቸዋል።