ባለቤት ያልተገኘላት በረሮ

የጋምቤላ ከተማ የማክሮ (የቅርብ ዕይታ) ፎቶግራፍ ወዳጆች ክበብ የዐውደ ርእይ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ የሰብሳቢው መኖሪያ ቤት፣ ሳሎን (ቬንትሌተር ያለው እዚህ በመሆኑ)
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 9:20

የተገኙ፦
1. አቶ አሸብር፣ ሰብሳቢ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያ
2. ሐጂ ሱሌማን፣ አባል፣ ባለሱቅ
3. አቶ ኦቻላ፣ አባል፣ በኩሌ የስደተኞች መጠለያ የምዝገባ ሠራተኛ
4. ወ/ሪት ነዒማ፣ አባል፣ ፋርማሲስት
5. ያዕቆብ፣ ጸሐፊ፣ መምህር

ሁለት አባላት ወደ ዲማ በመሄዳቸው አልተገኙም። ከሰባቱ አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የፈቃድ ቅጽ

ሰብሳቢው፣ ነገ በሚከፈተው «አብረውን የሚኖሩ ነፍሳት» ዐውደ ርእይ ላይ የሚሰቀል ፎቶግራፍ ሁሉ ነፍሳቱ የተነሡበትን ቤት ባለቤት ስምና ፊርማ እንዲይዝ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ኦቻላ በሥራ ቦታቸው ያለ ፈቃድ ፎቶ እንደማይነሣ ጠቅሰው ደገፉ። ቅጹ እስከ 12:00 ሰዓት ያልተሟላለት ፎቶግራፍ ወደ ማተሚያ ቤት እንዳይላክ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ፎቶግራፍ ቁጥር 7

ወ/ሪት ነዒማ ሁለት ወር በደረታቸው እየተሳቡ ካነሧቸው ፎቶዎች ትኩረቱ የሠመረላቸው ይህ ብቻ መሆኑን ገልጸው በላፕቶፕ አሳዩ። አንዲት በረሮ የእንቁላል ከረጢቷን ከኋላዋ ይዛ በስኳር ዕቃ ጠርዝ ላይ ቆማለች፤ የእግሯ እሾህ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሰብሳቢው ሥራውን «ድንቅ» ብለው ካመሰገኑ በኋላ የት እንደተነሣ ጠየቁ። ወ/ሪት ነዒማም «እዚሁ ነው ጋሽ አሸብር፤ ባለፈው ስብሰባ፣ ስለ ንጽህና ሲያስረዱን፣ ከክንድዎ አጠገብ» ሲሉ መልሰዋል።

ሰብሳቢው ለዐሥራ አንድ ዓመት ከተማውን ስለ ንጽህና ማስተማራቸውን አስታውሰው፣ በቤታቸው በረሮ እንደሌለና የታየው ጢንዚዛ ሊሆን እንደሚችል አስረዱ። ሐጂ ሱሌማን «እሷ ጢንዚዛ ከሆነች እኔም የባሮ አዞ ነኝ» የሚል አስተያየት ሰጥተዋል።

አጀንዳ 3፦ የበረሮዋ መነሻ

ሰብሳቢው በረሮነቷን «ለውይይት ያህል» ተቀብለው፣ ከሐጂ ሱሌማን ሱቅ በተገዛ የብስኩት ካርቶን ገብታ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። ሐጂ ሱሌማን ካርቶኑ ከአዲስ አበባ እንደታሸገ መምጣቱን ገልጸው፣ «የኔ ሱቅ ስም ከተጻፈ ነገ ብስኩቱን በረሮዋ ራሷ ትግዛኝ» በማለት ተቃወሙ።

አቶ ኦቻላ መነሻ ቦታ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ የገባችበት ቀንና የቤተሰብ ብዛትም መሞላት እንዳለበት አሳሰቡ። በከረጢቱ ውስጥ እስከ ዐርባ እንቁላል ሊኖር እንደሚችል ሲነገር ቅጹ ተጨማሪ ገጽ ያስፈልገዋል ተባለ። አቶ ኦቻላ ያልተፈለፈለ ይመዘገባል ወይ ተብለው ሲጠየቁ «ሲወጡ ይጨመራሉ» ብለዋል። በዚህ ነጥብ ላይ አርባ ደቂቃ ውይይት ተደርጓል።

ወ/ሪት ነዒማ ሰዓቱ 11:05 መሆኑን፣ ሌላ የሚያቀርቡት ፎቶም እንደሌላቸው ገልጸው፣ «በረሮዋ እንኳ ከእናንተ ይልቅ አንድ ቦታ ቆማልኛለች» በማለት አስታወቁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ በረሮዋ «መንገደኛ» ተብላ እንድትመዘገብ፣ መንገደኛ ደግሞ ቤት ስለሌላት የቤት ባለቤት ፊርማ ሊገኝላት ስለማይችል ፎቶግራፉ እንዲወጣ፣ በምትኩም ሰብሳቢው በባሮ ወንዝ ዳር ያነሡት ቢራቢሮ፣ ወንዝ ቤት ስላልሆነ ያለ ቅጽ እንዲገባ በ3 ድምፅ ድጋፍና በ1 ተቃውሞ ተወስኗል። ጸሐፊው ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል።

አጀንዳ 4፦ ያልተያዘ አጀንዳ

የሰብሳቢው ባለቤት ወ/ሮ ፀዳለ ከጓዳ ሲያዳምጡ ቆይተው ገቡ። ፎቶውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም «ሦስት ዓመት ሙሉ በረሮ አለ ስለው ዓይንሽ ነው ይለኛል። ቤቱ የሁለታችን ነው፤ ቅጹን ወዲህ በሉት» አሉ።

ሰብሳቢው አባል ያልሆነ ሰው መናገር እንደማይችል አስገነዘቡ። አቶ ኦቻላ ቅጹ የሚጠይቀው የቤት ባለቤትን እንጂ የኮሚቴ አባልን እንዳልሆነ ከጽሑፉ አነበቡ። ሐጂ ሱሌማን «አሸብር ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ይግባኝ የለም» ብለዋል። ወ/ሮ ፀዳለ የሰብሳቢውን ሙሉ ስም፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ሞልተው ፈረሙ፤ በፎቶግራፉ መግለጫ ቦታ ላይም «ዓይኔ ደኅና ነው» ብለው ጻፉ። ወ/ሪት ነዒማ «እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» በማለት ሁለት ጊዜ ስመዋቸዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሰብሳቢው ጉዳዩን እንደገና ሲያጤኑት፣ የቤት ባለቤትን ስም መግለጽ የግለሰብን ምስጢር የሚነካ ሆኖ እንዳገኙት ገልጸው አጀንዳ 1 እንዲሻር ጠየቁ። አንድ አባል ቢወጡም ከሰባቱ አራቱ በመኖራቸው ምልዓተ ጉባኤው አልጎደለም። የፈቃድ ቅጹ፣ በቅጹ ላይ የተመሠረተው የመንገደኛነት ውሳኔ፣ እንዲሁም የቢራቢሮው መተካት በሙሉ ድምፅ ተሽረዋል። ኮሚቴው ዛሬ ምንም እንዳልወሰነ ይቆጠራል።

የወጡት አባል ወ/ሪት ነዒማ ሲሆኑ፣ ፎቶግራፉንና የተፈረመውን ቅጽ ይዘው 11:35 ላይ በባጃጅ ወደ ማተሚያ ቤት መሄዳቸውን ጸሐፊው ለጉባኤው አሳውቋል።

ሰብሳቢው ሌላ ባጃጅ ፍለጋ በመሮጣቸው ስብሰባው 11:42 ላይ ተበትኗል።

ቃለ ጉባኤውን የያዘ፦ ያዕቆብ (ፊርማ)
ያጸደቀው ሰብሳቢ፦ ሲመለሱ ይፈርማሉ