አንበሳው የኛ፣ ኮሸሽላው የነሱ

ዓለም ላይ ያማረ ነገር ሁሉ «የኛ ነው» የሚል ሰው አልገጠማችሁም? እኔ ገጥሞኛል። ጋሽ ተፈራ ይባላሉ፤ እዚህ በስደት አገር፣ ኢስት ፖይንት የሚባል ሰፈር የኤርፖርት ሹፌር ናቸው። አንድ ተሳፋሪ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ጥንታዊ የስኮትላንድ የብር ሳንቲም ቲፕ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! እሁድ ዲኬተር ሰፈር እኛ ቤት መጥተው፣ የሳንቲሙን ምስሎች እያሳዩ፣ «አንበሳው የኛ፣ ዘውዱ የኛ፣ መስቀሉም የኛ! ሰርቀውን ነው» አሉ።

ልጄ ሳንቲሙን ገለበጠችና፣ «ጋሼ፣ በጀርባው ያለው እሾሃም ተክልስ?» አለች።

መነጽራቸውን አደረጉ። «ኮሸሽላ? እሱ የራሳቸው ነው።»

ልጄ ጎግል አደረገች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሼ! ጠላት ተደብቆ በባዶ እግሩ ሲመጣ ይሄን ረግጦ ጮኸ፤ አገሬው ነቅቶ ዳነ ይባላል።»

ጋሽ ተፈራ ሳንቲሙን ከእጇ ቀሙ።

«ታዲያ ዘሩን ከየት ያገኙት ይመስልሻል?»