ከፔሳሕ የሚያመልጠው ማሰሮ

በእስራኤሏ ቂርያት ጋት ከተማ ሁለት ነገር የማይገኝበት ሕንጻ የለም፤ የተበላሸ አሳንሰርና የአሮጌ ዕቃ ዋጋ አውቃለሁ የሚል ሰው። የእኛ አሳንሰር አልፎ አልፎ ይሠራል። ክቡር ገማቻችን ጋሽ ፈጠነ ግን አንድም ቀን አርፈው አያውቁም።

ከፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው፣ ወጣቶች ወደ አዲሱ ሰፈር ወደ ካርሜ ጋት ፎቆች ሲዛወሩ ደጅ የሚጥሉትን ዕቃ መገመት ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከመነጽራቸው በላይ አይተው ፍርድ ይሰጣሉ። ፍርዱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ገና አልበሰለም።"

ጎረቤታችን ሊሮን የአያቷን የልብስ ስፌት መኪና ልትጥል ስታወርድ ደረጃው ላይ ጠበቋት።

"ማን ይፈልገዋል?" አለቻቸው።

"ዛሬ ማንም። ሁሉም እስኪጥለው ጠብቂ። የሌላው ሲያልቅ ያንቺ ይወደዳል።"

መኪናው ይኸው ምድር ቤት ተቀምጦ የሌላው እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ማንአለብሽ ደግሞ የድሮ የነሐስ ሰሐኗን በሽቦ ፈግፍጋ፣ እንደ መስታወት አብርታ አሳየቻቸው። ሐዘን የተቀመጡ መሰሉ።

"ስልሳ ዓመቱን በአንድ ጧት አጠብሽው" አሏት።

"ታዲያ ቆሻሻው ነው እንዴ የሚሸጠው?"

"አዎ።"

ትልቁ ሕጋቸው ግን ሌላ ነው፤ "አንድ ፈላጊ ያለው ዕቃ፣ ዕቃ ነው። ዋጋ የሚወለደው ሁለተኛው ሲመጣ ነው።"

የእኚህ ሊቅ ባለቤት ታዲያ ወይዘሮ ደመቀች ናቸው። ወይዘሮ ደመቀች ሸክላ ይሠራሉ፤ በየዓመቱም በፋሲካችን በፔሳሕ ዋዜማ፣ እናታቸው ጎንደር ያደርጉ እንደነበረው፣ እርሾ የነካውን የከረመ ሸክላ ሁሉ ሰብረው በአዲስ ይተካሉ። የእኛ የቤተ እስራኤል ሰው የጥንት ሸክላ ለምን ብርቅ እንደሆነ ጋሽ ፈጠነን ማስረዳት አያስፈልግም። ሲሰበር ከመኝታ ቤት ሆነው ይሰሙታል።

አንድ ማሰሮ ብቻ ተርፏል። ወይዘሮ ደመቀች እዚህ አገር በገቡበት ዓመት ከሕንጻው ጀርባ እሳት አንድደው የተኮሱት፣ የእሳት አደጋ መኪና ያስጠራ ጥቁር ማሰሮ ነው። አፉ ጠማማ ነው፤ አንገቱ ላይ የአውራ ጣታቸው አሻራ አለ። ጋሽ ፈጠነ ፔሳሕ በደረሰ ቁጥር በፎጣ ጠቅልለው እኔ ቤት ይደብቁታል።

"የእኔ ቤት ፔሳሕ አይገባበትም?" አልኳቸው አንዴ።

"አንተ ዩኒቨርሲቲ የገባህ ሰው ነህ፤ አንድ ማሰሮ አይከብድህም።"

ዘንድሮ ግን ግምታቸውን ከባለሙያ አፍ ለመስማት ፈልገው፣ ሞርደካይ የሚባል የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ከቴል አቪቭ ጠሩ። ሰውየው እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ ማሰሮውን አገላበጠ። ጣቱን አሻራው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ዋጋ ጠራ። ትልቅ ዋጋ ነበር።

ጋሽ ፈጠነ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ገና አልበሰለም" ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አላሉም። ፍርድ ሲያጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሞርደካይ ቦርሳውን ከፈተ።

የእናቴም ሸክላ በየዓመቱ ይሰበር ነበር። አንድ ስባሪ እንኳ አላስቀረሁም፤ ያን ጊዜ ማን አሰበው?

"እኔ ከዚያ በላይ እከፍላለሁ" አልኩ። በምን እንደምከፍል ባንኬም አያውቅም።

ጋሽ ፈጠነ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ።

"አየህ ሞርደካይ" አሉ፣ "ሁለተኛው መጣ። መወደድ የጀመረን ዕቃ ደግሞ የሚሸጥ ሞኝ ነው።"

ከበዓሉ በኋላ ማሰሮውን ይዤ ስሄድ በሩን የከፈቱልኝ ወይዘሮ ደመቀች ነበሩ። ፎጣውን ወደ ደረቴ ሰበሰብኩ። እሳቸው ግን ፎጣውን ገለጥ አድርገው አሻራቸውን አዩ።

"አላጠብከውም አይደል?"

"አላጠብኩትም።"

"ደግ አደረግህ፤ ብታጥበው ኖሮ ፈጠነ ይታመምብኝ ነበር። ፎጣውን ግን አምጣው፤ ለከርሞም እንዲጠቀልልበት ከማሰሮው አጠገብ የማስቀምጥለት እሱን ነው።"