አርባ ሺህ ጆሮ

በጃንሆይ ዘመን፣ የሰው ነፍስ በአጭር ሞገድ ትድን በነበረበት በዚያ ቡሩክ ጊዜ፣ የአንድ መንፈሳዊ ራዲዮ ጣቢያ የዲላ ወኪል የነበሩት አቶ ወልደዮሐንስ ታሪክ ሊዘነጋቸው አይገባም። በአንዲት ራዲዮና በአንድ በረንዳ አርባ ሺህ አድማጭ አፍርተዋል። ማዘጋጃ ቤቱ በበኩሉ ከተማውን ቢያስስ ሰባት ሺህ ሰው ብቻ አገኘ፤ ስንፍና ነው።

ዋናው መሥሪያ ቤት «ጉዳዩ በጥብቅ ተጣርቶ ይቅረብ» ብሎ ተቆጣጣሪውን አቶ ሠረቀብርሃንን ላከ። ቁጥሩ ሐሰት ከሆነ ወኪሉ ክራባታቸውን ፈትተው ወደ ቀድሞ ሥራቸው፣ ጪጩ ገበያ ላይ ቡና ወደ መመዘን ሊመለሱ ነው። አንጀቴን በሉኝ።

«አርባ ሺህ ከየት መጣ?» አሉ ተቆጣጣሪው ዲላ እንደደረሱ።

«በጆሮ ቆጥሬ ነው ጌታዬ። ሰው በሁለቱም ይሰማል።»

«እንግዲያ ሃያ ሺህ ነዋ!»

«የገበያ ቀን ሲሄዱም ሲመለሱም ይሰማሉ።»

«አሥር ሺህ!»

«ለገበያ የሚነዳው በግስ ጆሮ የለውም?»

አቶ ሠረቀብርሃን ማካፈሉን ተዉት።

ቢሆንም በረንዳው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሰዉ ራዲዮዋን ከቦ አንገት ለአንገት ገጥሟል። ተቆጣጣሪው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠጋ አሉ። ራዲዮዋ ጭጭ ብላለች።

«ምን እየሰማችሁ ነው?» ብለው ቆጮ ሻጯን ወይዘሮ አልጣሽን ጠየቁ።

«የጎረቤታችንን የፍቺ ወሬ ነዋ ጋሼ! ራዲዮውማ የባትሪ ድንጋዩ ካለቀ ስንት ወሩ። ከመስቀል ወዲህ ተንፍሶ አያውቅ። እኛ ዝናብ ተጠልለን ነው።»

ወኪሉን ላብ አጠመቃቸው። «ድንጋይ እንዲላክልኝ ጽፌ ነበር ጌታዬ። ‹አርባ ሺህ አድማጭ ያለው ሰው ምን ጎደለበት?› የሚል መልስ ደረሰኝ።»

ተቆጣጣሪው ከእጅ ባትሪያቸው ድንጋይ አውጥተው ራዲዮዋ ውስጥ ከተቱ። ራዲዮዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ወገኖቼ ሆይ፣ ሐሜተኛ መንግሥተ ሰማያትን አይወርስም!» ስትል አምባረቀች። ሰዉ ተያየ። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሳ ዝናቡ ውስጥ ገባ፤ ወይዘሮ አልጣሽም ቆጮአቸውን ተሸክመው ተከተሉ። ወኪሉና ተቆጣጣሪው ብቻ ቀሩ፤ አራት ጆሮ።

ያንን አርባ ሺህ ለባሕር ማዶ ረጂዎች ፈርመው ያሳለፉት፣ በእሱም ሹመት ያገኙት አቶ ሠረቀብርሃን ራሳቸው ነበሩ። ድንጋዩን አወጡት። ሰዉ ተመልሶ በረንዳው ሞላ።

«በአካል ተገኝቼ አረጋግጫለሁ» ብለው ጻፉ። የአድማጩ ቁጥር ዳግመኛ እንዳይወርድም፣ ድንጋዩን በኮት ኪሳቸው ይዘው አዲስ አበባ ገቡ።